የራያ ሜዳ ቀለሙ ምንድን ነው?

ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ለእኔ ቀለም ማለት ቁጥር ነው። አንድ ኅዳር ቆቦ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሜዳውን በስልኬ አነሳሁት። ማታ ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ የቀለሙን ቁጥር ሳየው ግራጫ የተቀላቀለበት ቡኒ ነው። እኔ ግን ያየሁት የደረሰው ማሽላ ቀይ ሆኖ፣ የዞብል ተራራም ወይን ጠጅ መስሎ ነበር። የዋሸው ማነው፤ ካሜራው ወይስ ዓይኔ?

የታደሰ መስፍንን ሥዕሎች እንደገና ያየኋቸው ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። ታደሰ በ1953 እ.ኤ.አ. ወልድያ ተወለደ። ወልድያ ደግሞ ለቆቦ ጎረቤት ናት፤ ስለዚህ የአገሬ ልጅ ነው ብል አላፍርም። ያስተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ቀለም ያዩትን መቅጃ ብቻ ሳይሆን የተሰማንን መናገሪያም እንደሆነ በሸራው ያሳየ ሰው ነው።

«የሕይወት ምሰሶዎች» በተባሉት ሥዕሎች ታደሰ የጉሊት ሴቶችን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ከኋላቸው የገበያ ግርግር የለም፤ ያለው ቀለም ነው። ቆቦ ገበያ ስትሸጥ ለኖረችው አክስቴ አንዱን በስልኬ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና «ቁመናዋስ ያምራል። መሬቷ የታለ ልጄ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ዓለም ይህን አካባቢ ያወቀው ከኮረም በወጣ የረሃብ ፊልም ነው። ኮረም ከቆቦ በስተሰሜን፣ ዳገቱ ላይ ናት። ከዚያ ወዲህ ወሎ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው አቧራ ነው። ታደሰ ሴቶቹን ከዚያ አቧራ አውጥቶ ክብር ሰጥቷቸዋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ቅሬታዬ መሬቱ እዚያው አቧራው ውስጥ መቅረቱ ነው። ደረቁ የጎሊና አሸዋም፣ ዞብልም፣ ማሽላውም ያን ድፍረት ያለው ቀለም ይገባቸዋል።

እርግጥ አንድ ሠዓሊ ሁሉን ይሣል አይባልም። እሱ ግን በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ይህን ካነበበ በኅዳር ይምጣ፤ የመቀሌ መንገድ በቆቦ መሀል ነው የሚያልፈው። ካሜራ አያስፈልገውም። አመሻሽ ላይ ወደ ዞብል ዞሮ ይቁም፤ ከዚያ ያየውን ሳይሆን የተሰማውን ይቀባ። አክስቴም ትፈርዳለች።