ከሃዲዱ ሥር

አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር የሃዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ሃዲድ ሲመረምር ቆሞ አያይም። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን ከብረቱ አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን እስከ ርቀቱ ይከተለዋል። ከዚያ ተነሥቶ «እዚያ ጋ ተቀምጧል» ይላል። የተቀመጠው ሃዲዱ ሳይሆን ሥሩ ያለው ጠጠር ነው። ዛሬ አዲስ አበባ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ጠረጴዛ ላይ የድሬዳዋን ጣቢያ በ1፡87 አሳንሼ ስሠራ እኔም ጉንጬን ጠረጴዛው ላይ አጋድማለሁ።

የድሮው መስመር የሃዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። ተሠርቶ የሚሸጠው ግን ባለ 12 ነው። ግማሿን ሚሊ ሜትር ይቅር ብያለሁ። ርዝመቱስ? ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ በዚህ ልክ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ይፈጃል። ስለዚህ ጣቢያውን፣ ትንሽ ሜዳና አንድ ዳገት ብቻ ወሰድኩ።

ያስለቀሰኝ ዳገቱ ነው። እውነተኛው መስመር እንኳ ዳገት ፈርቶ ሐረርን ትቷታል፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከታች ሜዳው ላይ ቆመና ድሬዳዋ በዚያው ተቆረቆረች። እኔ አልፈራሁም። ኮምፔንሳቶውን ሜዳው ያለቀበት ላይ ቆርጬ፣ ሌላ ቁራጭ በ3 በመቶ አጋድሜ ገጠምኩበት። በ1 ሜትር 3 ሳንቲም መውጣት ለዓይን ምንም አይደለም። ሊቶሪናዋም፣ ባለ ሞተሯ ትንሿ ባቡሬ፣ ብቻዋን ሽቅብ ወጣች። ፉርጎ ስቀጥልላት ግን መገጣጠሚያው ላይ ስትደርስ ማያያዣው ይለቃል፤ ፉርጎዎቹም ወደ ኋላ ተንሸራተው ጣቢያ ይገባሉ። ማያያዣውን ወቀስኩ፣ ቀየርኩት። ጎማዎቹን ወቀስኩ። ተንበርክኬ ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሃዲዱ መገጣጠሚያው ላይ እንደ ጉልበት ታጥፏል።

አፈረስኩት። በአዲሱ ኮምፔንሳቶ ላይ የሃዲዱን መንገድ ግራና ቀኙን ብቻ በመጋዝ ለየሁና እንደ ምላስ ተውኩት፤ ሥሩ ከሜዳው አልተቆረጠም። የመጀመሪያውን ድጋፍ ከምላሱ ሥር 40 ሳንቲም አርቄ አቆምኩ። እንጨቱ ራሱ ቀስ ብሎ ጎበጠ፤ እኔ በእርሳስና በማስመሪያ የማላወጣውን ለስላሳ መነሻ አወጣው። ለዚህ ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል። ባለ 18ቱ አይታዘዝም፣ ባለ 4ቱ ደግሞ በድጋፍና በድጋፍ መካከል ይረግባል።

ከእንጨቱ በላይ 3 ሚሊ ሜትር ቡሽ አለ። ሙሉውን ጠመዝማዛ ላይ ላጥፍህ ቢሉት ይሸበሸባል፤ ስለዚህ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቄ ከመሀል መስመሩ ግራና ቀኝ አጣብቀዋለሁ፣ የግራው መገጣጠሚያ ከቀኙ ጋር እንዳይገጥም አዛንፌ። ኮላው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ። ቀጥሎ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አስኬዳለሁ፤ ዓይን ያለፈው እብጠት ለጣት አያመልጥም።

ጠጠሩ ደስታዬ ነው። ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ አስመጣሁ፣ አጠብኩት፣ ምጣድ ላይ አደረቅኩት፣ በዱቄት ወንፊት ነፋሁት። (ባለቤቴ ወንፊቱን እስከዛሬ ትፈልጋለች።) በላስቲክ የጠቀለልኩትን ማግኔት ስጎትትበት ጥቁር ብናኝ እንደ ጺም ተንጠለጠለበት። ያ ብናኝ ሳይለቀም ቢቀር የባቡሯ ሞተር ውስጥ ይገባ ነበር። ነጭ ኮላ በእኩል ውሃ በጥብጬ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሬ በስሪንጅ አንጠባጥባለሁ። ሳሙናው ከሌለ ጠብታው አሸዋው ላይ እንደ ጨሌ ይንከባለላል፣ ጠጠሩንም ይዞት ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ገባኝ። ቡሹን ያነጠፍኩት ድምፅ እንዲውጥልኝ ነበር። ኮላው ሲጠነክር ሃዲዱን፣ ቡሹንና እንጨቱን አንድ አካል አደረጋቸው፤ ሊቶሪናዋ ስታልፍ ጠረጴዛው እንደ ከበሮ ይመታል። በጣቢያው ማዶ ለሚቀረው መስመር ኮላውን ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ላጠጣው፣ መሀሉን ልቅ ልተወው አስቤያለሁ። አሸዋው ግን አልቆብኛል፤ ድሬ ደርሶ የሚመለስ ሰው እየጠበቅኩ ነው።