ከሕንጻው ጀርባ

የቤቴል ሰፈርን ሕንጻዎች ከፊት ለፊት ማየት ትቻለሁ። ከፊት ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ሰማያዊ መስታወት፣ ብርማ አልሙኒየም፣ ታች የባንክ ቅርንጫፍ፣ ጎኑ ፋርማሲ፣ ከፍ ሲል የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ ከዚያ በላይ «የሚከራይ» የሚል ጨርቅ። ጠባያቸው የሚለየው ከጀርባ ነው። ኤሲው የሚሰቀለው፣ ቱቦው የሚወርደው፣ ባለሙያው «ማን ያየዋል» ብሎ የሚተወውም የማይተወውም እዚያ ነው።

ከቤቴል ሆስፒታል ብዙ ሳይርቅ አንድ ጂ+4 ሕንጻ አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለችኝን ጠባብ ቢሮ የተከራየሁት ሕንጻው ገና ፊኒሺንግ ላይ ሳለ ስለነበር፣ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር እየተጋፋሁ ብዙ ነገር ለማየት በቃሁ። ዛሬ ጀርባው ላይ የተሰቀሉት የኤሲ ማሽኖች አራት ብቻ ናቸው። በቁመትም በስፋትም የሚስተካከለው ጎረቤቱ ላይ አንድ ቀን ቆሜ ሃያ ሦስት ቆጥሬያለሁ።

ባለቤቱ መጀመሪያ የፈለጉት «ሴንትራል» ኤሲ ነበር። የሰው ሕንጻ ላይ አይተው ወደውታል፤ ለተከራይ ሲነገርም ደስ ይላል። ዋጋ ሊያቀርቡ የመጡ ሻጮች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ካሬ ነው?» ካሬውን በቢቲዩ ያባዙና ወረቀት ይሰጣሉ። በመጨረሻ የመጡት አረጋዊ ኢንጂነር ግን ካሬ አልጠየቁም። ሦስት ቀን ተመላለሱ፤ አንዱን ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሌላውን ቀን ስድስት ሰዓት፣ የመጨረሻውን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ። የያዙት ደብተር፣ እርሳስና አንድ ቴርሞሜትር ነው። «ወንድሜ፣ ማሽኑ ይደርሳል። መጀመሪያ ፀሐይዋን ልያት» አሏቸው።

ፀሐይን ማየት ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማገባደጃ፣ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ሰው ጥላውን ይረግጣል። በሰኔ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ቀትር ላይ ሁልጊዜ ከፍ ስለምትል የሰሜንና የደቡብ መስኮትን ለመከለል አጭር የበረንዳ ከንፈር ይበቃል። ክፋቷ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘቀዝቅ የምዕራቡን መስታወት ፊት ለፊት ትገጥመዋለች፤ በረንዳ አያስቆማትም። ይህ ሕንጻ ደግሞ ፊቱን ያዞረው ወደ ምዕራብ ነው።

ኢንጂነሩ ደብተራቸው ላይ ያሰፈሩትን ስሌት ኋላ አሳይተውኛል። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው ተራ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ያስገባል። የአንድ ቢሮ አሥር ካሬ መስታወት እንግዲህ አምስት ኪሎዋት ሆነ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ክፍሉ መሐል ጥዶ እንደመሥራት ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል። ገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠው ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ የሚያወጣው ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ነው። ማሽኑ ከሰዓት ሙሉ ሲጮህ ቢውል ምጣዱን እንኳ አይችለውም። ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያመነጨው ወደ መቶ ዋት ብቻ ነው፤ እኛ ተከራዮች በነገሩ ንጹሐን ነን።

ስለዚህ ለዚህ ሕንጻ መጀመሪያ የተመረጠው ማቀዝቀዣ ሞተር የለውም። በምዕራቡ ፊት ላይ፣ ከአንደኛ ፎቅ እስከ ጣሪያ፣ ቋሚ የብረት ክንፎች ተሰለፉ። ባለቤቱ «የሕንጻዬን ፊት መጋረጃ አለበሱት» ብለው ተቆጥተው ነበር። እኔም መጀመሪያ አልወደድኳቸውም። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ሌላ ነው። ክንፎቹ ቀጥ ብለው አልወጡም፤ ሁሉም ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞር ብለዋል። ምክንያቱን ስጠይቅ ኢንጂነሩ ፈገግ አሉ። በበጋው ፀሐይ ስትጠልቅ በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው የምትመጣው፤ በዚያ በኩል ክንፉ ጀርባውን ይሰጣታል። ክፍት የተተወው የሰሜን ምዕራቡ በኩል ነው፤ ፀሐይ እዚያ የምትደርሰው ወደ ክረምቱ ስንገባ ነው፣ ያኔ ደግሞ ደመናው አለ። ክረምት ላይ ብርሃን ይገባል፣ በጋ ላይ ሙቀቱ ውጭ ይቀራል። ሰማዩን የሚያውቅ የአገር ሰው ካልሆነ ከካታሎግ አይገኝም።

በያጁም ሥራውን አሳምሮታል። ብየዳው ተሞርዶ ጣት ሲሄድበት አይሰማም። ከእያንዳንዱ ክንፍ ግርጌ ጥግ ላይ እርሳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች፤ የሐምሌ ዝናብ ውስጡ ተኝቶ እንዳያዝገው። ከመንገድ ሆኖ ያቺን ቀዳዳ የሚያይ የለም።

ክንፎቹ ከተሰቀሉ በኋላ ኢንጂነሩ የሠሩት ሌላ ነገር መስኮቶቹን ማስከፈት ነው። መስኮት ማስከፈት ሥራ ነው ወይ ይባል ይሆናል። ነው። አብዛኛው አዲስ መስታወት ሕንጻ መስኮቱ የታሸገ ወይም እንደ ደብዳቤ ሣጥን ጠባብ ስንጥቅ ያለው ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ክፍል ታች አንድ፣ ከኮርኒሱ ሥር ሌላ መክፈቻ አለው፤ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፣ የሞቀው በላይ ይወጣል። የአዲስ አበባ ሌሊት በበጋ ወደ አሥር ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ጥበቃው ማታ የላይኞቹን ከፍቶ ያድራል፣ ኮንክሪቱ ቅዝቃዜውን ጠጥቶ ይነጋል። ሐራሬ ላይ ሚክ ፒርስ የሚባል አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀውን ኢስትጌት የሚባል ትልቅ የንግድ ሕንጻ የሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ የተማረው ከምስጥ ኩይሳ ነው ይባላል። ሐራሬ ከእኛ ይልቅ ትሞቃለች። እዚያ ከተቻለ እዚህ አለመሞከሩ ነው የሚያስገርመኝ።

ታዲያ አራቱ ማሽኖች ለምን? ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈው ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት ነበር። ሰው ስለሞቀው አልነበረም፤ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ቀለሙ አልገጥም ስላለ እንጂ። ኢንጂነሩም እንደዚያ ነው የጠየቁት፦ እዚህ ሕንጻ ውስጥ ለራሱ መስኮት መክፈት የማይችል ማነው? የባንኩ ሰርቨር ክፍል መስኮት የለውም፣ ቀንና ሌሊትም ይሞቃል፤ ሁለት ማሽን ተሰጠው፣ አንዱ ሲሠራ አንዱ እንዲያርፍ፣ አንዱ ቢበላሽም ባንኩ እንዳይቆም። ፋርማሲው ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ ያለበት መድኃኒት አለው፤ አንድ። አራተኛው ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ መቶ ሰው ሲቀመጥበት በሰው ብቻ አሥር ኪሎዋት ይሞላዋል፤ ለእሱም አንድ፣ ትልቅ።

«ሴንትራል» የቀረው በዚህ ነው። ቪአርኤፍ የሚሉትም ቀርቦ ነበር፤ አንድ የውጭ ማሽን ብዙ ክፍሎችን በየልካቸው የሚያቀዘቅዝበት ነው። በቦታው ሸጋ ነው። ሆቴል ቢሆን እኔም እሱን እመርጥ ነበር። ነገር ግን አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ብትቃጠል ሁሉም ክፍል አብሮ ይቆማል፣ ካርዷም ከውጭ እስክትመጣ ይጠበቃል። ጄኔሬተሩም ከዚህ ሁሉ ጋር ይወፍራል። ለሦስት ክፍል ተራ ስፕሊት በቂ ነው፤ የሰፈሩ ባለሙያም ይጠግነዋል።

ኢንጂነሩ የማሽኖቹን መጠን ሲወስኑ ያየሁት ጥንቃቄ ደግሞ የልብስ ሰፊ ነው። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ጉልበት የተለካው ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ባሕር ጠረፍ ባለ አየር ነው። እኛ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ አየራችን ከዚያኛው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። የማሽኑ ማራገቢያ ያንኑ ያህል ዙር ዞሮ የሚገፋው አየር ግን የሳሳ ነው፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል። በሌላ በኩል ውጭያችን 35 አይደርስም፣ ያ ደግሞ ማሽኑን ያግዘዋል። አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይመልሳል፤ ስንቱን እንደሚመልስ ለማወቅ ግን የአምራቹን ሠንጠረዥ መስመር በመስመር ማንበብ ያሻል። አነበቡት። ጋዙም ተመርጧል፦ አር-32፣ ቢያመልጥ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 እጥፍ ነው፤ የቆየው አር-410ኤ ከሁለት ሺህ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች የተስማሙት እንዲህ ያሉትን ጋዞች እየቀነሱ ለመሄድ ነው።

ማሽኖቹን የሚገጥመው ወጣት ነው፣ ዝምተኛ። መሣሪያዎቹን ካርቶን ላይ በተራ ዘርግቶ ነው የሚጀምረው። የመዳብ ቱቦውን በብረት መጋዝ አይቆርጥም፤ በምትሽከረከር ትንሽ መቁረጫ ቀስ እያለ ያዞራታል። አፉን ሲያስተካክል ቱቦውን ወደ ታች ይደፋዋል፣ ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ። ከዚያ ዳዶውን ያስገባና አፉን እንደ ጡሩንባ ይከፍተዋል። (ዳዶውን ረስቶ አፉን የከፈተ ሰው ሌላ ሥፍራ አይቻለሁ፤ እንደገና ቆርጦ ሲጀምር ዙሪያውን እያየ ነበር።) አንዲት ጠብታ ዘይት፣ በጣት ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ልክ የሚናገር ቁልፍ። ቁልፉ «ቀጭ» ሲል እጁን ያነሳል። ትንሽ ልጨምርለት አይልም።

የአዳራሹ ቱቦ ረጅም ስለነበር አንድ ቦታ ላይ መቀጠል ነበረበት። ከመበየዱ በፊት በአንዱ አፍ የናይትሮጅን ጎማ አገባና ቀስ ብሎ ለቀቀው፤ እጄን ሌላኛው አፍ ላይ አድርጎ «ይሰማሃል?» አለኝ። እንደ ሕፃን ትንፋሽ ነበር። ያለ ናይትሮጅን የተበየደ መዳብ ከውጭ ያምራል፤ ከውስጥ ግን ተቃጥሎ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ ሲረግፍ ከጋዙ ጋር ይዞርና ጠባቧን መንገድ ይደፍናል፣ ያኔ ሰው «ማሽኑ ቀሽም ነው» ይላል። ከትርፍራፊው አንዷን በይዶ፣ ሰንጥቆ አሳየኝ። ውስጧ እንደ አዲስ ሳንቲም ይበራል።

ከቱቦው አየሩ በሚሳብበት በቫኪዩም ላይ ደግሞ የአገራችንን ከፍታ የሚያውቅና የማያውቅ ይለያል። ጅቡቲ ላይ ቢሆን የጌጁ መርፌ ከዜሮ በታች እስከ አንድ ባር ድረስ ይወርዳል። ቤቴል ላይ 0.77 አካባቢ ደርሶ ቀጥ ይላል። ከላያችን ያለው አየር ያን ያህል ነውና ከዚያ በላይ የሚወጣ የለም። በፊት በተከራየሁበት ሕንጻ አንድ ኤሲ ገጣሚ መርፌው አንድ አልደርስ አለ ብሎ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ውሎ ነበር። ይኼኛው መርፌውን ትቶ ፍጹም ግፊት የሚያነብ ዲጂታል ጌጅ ሰካ፤ ከ500 ማይክሮን በታች ሲወርድለት ቫልቩን ዘጋና ሻይ አዘዘ። ሻዩን የጠጣው ግን ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሳ ነው። ቱቦው ውስጥ ጠብታ እርጥበት ብትኖር በዚያ ባዶነት ፈልታ ቁጥሩን ታስነሳዋለች። ቁጥሩ አልተነሳም።

ሁለቱን ቱቦዎች በየራሳቸው ስፖንጅ አለበሳቸው፤ በስፕሊት ሁለቱም ይቀዘቅዛሉና አብረው ቢታሰሩ ያልባሉ። በላዩ የጠቀለለው ፕላስተር ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው፣ እንደ ሣር ክዳን፣ የላይኛው ንብርብር በታችኛው ላይ እንዲያርፍ። ዝናቡ ሲወርድበት መግቢያ አያገኝም። የፍሳሽ ቱቦውን በሜትር አንድ ሴንቲ እያዘቀዘቀ፣ በውሃ ልክ እየለካ፣ እስከ ግቢው አበባ መደብ አወረደው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከላይ አፈሰሰና ታች ወርዶ ጠበቃት።

በመጨረሻው ቀን የውጭውን ማሽን ክዳን ከመግጠሙ በፊት በማርከር ከውስጥ በኩል ጻፈበት፦ ቀኑን፣ የቱቦውን ርዝመት በሜትር፣ በሚዛን የጨመረውን ጋዝ በግራም።

«ይኼ ለማን ነው?» አልኩት።

«ከእኔ በኋላ ለሚከፍተው።»

ክዳኑን ገጠመ፣ በካቻቪቴ ሁለቱን ብሎን አሠረ። ሦስተኛው ከእጁ አምልጦ ታች አሸዋው ውስጥ ወደቀ። ሁለቱ ይበቁ ነበር። ከመሰላሉ ወርዶ፣ ተንበርክኮ፣ አሸዋውን በጣቱ እያበጠረ ፈለገው።