አራት ሰማያዊ መስመር

ጥለት የሚያውቅ ሰው ነጠላ ሲገዛ ፊቱን ብቻ አይቶ አይረካም። ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ክሩ የት እንደ ተቋጨ፣ መስመሩ ዳር ሲደርስ ጠብቆ እንደሆነ ወይ ላልቶ ይመረምራል። ስናፐር የተባለውን ባለሰማያዊ መስመር የቀይ ባሕር ዓሣ በዚህ ዓይን ማየት ደስ ይላል።

ዓሣው ግዙፍ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቢያድግ ቢያድግ 40። መደቡ የእርድ ቢጫ ነው። በዚያ ላይ አራት ሰማያዊ መስመሮች ከፊቱ አካባቢ ተነሥተው በጎኑ ወደ ጅራቱ ይዘልቃሉ። ወደ ሆዱ ሲወርድ ቢጫው ሳስቶ ነጭ ይሆናል፤ እዚያ ሰማያዊው ቀርቶ ደብዛዛ ግራጫ መስመሮች ብቻ ይታያሉ። ሸማኔው ዋናውን ጥለት ጨርሶ በተረፈው ክር የሠራቸው ይመስላሉ።

የሥራው ረቂቅነት የሚገባው ግን ቅርፊቱን ሲያዩ ነው። ከጎኑ መሐል በላይ ያሉት የቅርፊት ረድፎች ሰያፍ ሆነው ወደ ጀርባው ይወጣሉ። መስመሮቹ ግን ረድፎቹን ተከትለው አይወጡም፤ እያቋረጧቸው ወደ ጅራቱ ይሄዳሉ። እያንዳንዷ ቅርፊት የያዘችው ቁራጭ ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ቁራጩ ከጎረቤቱ ጋር ሲገጥም ግን ስፌቱ አይታይም። ድሩ ወዲያ ጥለቱ ወዲህ ሲሄድ አንድም ክር ሳይዛነፍ መሥራት እንዴት እንደሚከብድ ሸማኔ ይጠየቅ።

ሰማያዊው ደግሞ ቀለም አይደለም። ቢጫው እውነተኛ ቀለም ነው፤ በህዋሳቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሰማያዊው የሚገኘው ግን ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ስስ ክሪስታሎች በህዋስ ውስጥ ተደራርበው ብርሃኑን ሲመልሱት ነው። የተረፈውን ብርሃን ከሥር ያሉ ጥቁር ህዋሳት ይውጡታል።

ቀን ቀን እነዚህ ዓሦች በመቶ በመቶ ሆነው ኮራሉ አጠገብ ይቆማሉ። ሲዋኙም ዝግ ብለው ነው። ያኔ የአንዱ መስመር በሌላው ላይ ይቀጥላል፤ ዓይን አንዱን ዓሣ ለይቶ ልያዝ ቢል የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይጠፋበታል። አዳኝ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሲመሽ መንጋው ይበተናል፤ እያንዳንዱ ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ ፍለጋ ይሄዳል። ሲነጋ ተመልሶ ይሰበሰባል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ይህ ዓሣ ለአጥማጆች ይጠቅማል ተብሎ ከማርኬሳስ ደሴቶች ወደ ሃዋይ ተወስዶ ተለቀቀ። ተባዛ፤ አጥማጆቹ ግን ብዙም አልወደዱትም። ለጥለት የተሠራን ነገር በኪሎ መመዘን!

ካስሚራ የሚለውን የሳይንስ ስሙን ከዓረብኛ መጠሪያው ወስዶ የመዘገበው ፔር ፎርስኮል ነው፤ በዴንማርክ ንጉሥ የተላከው የዓረቢያ ጉዞ የተፈጥሮ ተመራማሪ። እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ መጽሐፉን በ1775 ያሳተመው ከጉዞ ጓዶቹ ብቻውን የተረፈው ካርስተን ኒቡር ነበር። ፎርስኮል ዓሣን እንደ ቅጠል ነበር የሚያደርቀው፦ የአንዱን ጎን ቆዳ ገፎ፣ ጠፍጥፎ፣ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ስብስብ የተረፉት ዓሦች ዛሬም ኮፐንሃገን ውስጥ ተቀምጠዋል። ክንፋቸው እንደ ተዘረጋ ነው፣ ቅርፊታቸውም ይቆጠራል። ቆዳቸው ግን የደረቀ የኮባ ቅጠል መልክ ይዟል።