አርባ አራት ሥዕልና አንድ ሥራ ፈላጊ ጀግና

በእኛ አፍ «ኮሚክ» ማለት የሚያስቅ ሰው ነው። «እሱ እኮ ኮሚክ ነው» ሲባል ቀልደኛነቱ ይነገራል እንጂ ነገሩ ከመጽሐፍ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስለዚህ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «የኮሚክስ ሒስ ልጽፍ ነው» ሲል ግማሹ አንባቢ ቀልድ፣ ግማሹ የሕፃን ጨዋታ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይህ ጸሐፊ ግን በሁለቱም አይስማማም። በተከታታይ ሥዕልና በጥቂት ቃል ታሪክ መንገር በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። ዛሬ በአዲስ መልክ ብቅ ሲል ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን የምንለው ዞር ብለን አለማየታችን ከቁም ነገረኛነት ሳይሆን ከስንፍና የመጣ ነው ባይ ነኝ።

ከሩቁ እንነሣ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን ሸራ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ አይገኝም። ሸራው አብዛኛውን ጊዜ በ44 አራት ማዕዘን ይከፈላል። ዓይን ከላይ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ረድፉ ሲያልቅ እንደ ጽሑፍ ወደ ታች ይወርዳል። በየክፍሉ አንድ ሁለት መስመር አማርኛ አለ። ይህን አሣሣል ካስፋፉት ሠዓሊዎች መካከል በላቸው ይመር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ ከክብረ ነገሥት ገጽ ሳይሆን በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣው ከዘንዶው ነው። ሕዝቡ ለዘንዶው ይገብራል፤ አንድ ብልኅ ሰው በመርዝ ይገድለዋል፤ ገዳዩ ይነግሣል፤ ልጁ ማክዳ ትወርሰዋለች። ከዚያ ነጋዴው፣ ጉዞው፣ ኢየሩሳሌም፣ ሰሎሞን፣ የምኒልክ መወለድ እያለ ይዘልቃል።

እስቲ የእራቱን ሌሊት ለብቻው እንመልከተው። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ ያቀርባል፤ ንግሥቲቱ ከቤቱ ምንም ላትወስድ ትምላለች፤ ሌሊት ውኃ ይጠማታል። በአንዱ ክፍል ገበታው አለ፤ ቀጥሎ ውኃው አለ። በሁለቱ መካከል ባለችው ቀጭን መስመር ላይ ምን ተሣለ? ምንም። ጥማቱ ያለው ግን እዚያች መስመር ላይ ነው። መገላበጡን፣ «ልነሣ ወይስ ይቅርብኝ» ማለቱን የምንጨምረው እኛ ተመልካቾቹ ነን። አሜሪካዊው ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኮሚክስ ባሳተመው መጽሐፍ የዚህ ጥበብ ልቡ በክፍሎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በዓለም ዙሪያም ብዙ ተጨበጨበለት። የእኛ ሠዓሊ ስሙን ሳይጠራው ሲሠራበት ኖሯል።

ሌላም አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱ ሰው ሙሉ ፊቱን፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይኸው ልማድ ወደ ዓድዋ ሥዕሎች ገባ፤ የእኛ ሰው ፊቱን ያዞርልናል፣ ኢጣሊያኑ በጎን ይቀራል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደ ሆነ በአንድ አፍታ ይለያል። ኮሚክስ ከሠዓሊው የሚጠይቀው ዋና ነገር ይሄ አይደለም እንዴ? ገጸ ባሕርይን በቅጽበት ማስለየት! ታዲያ ይህን ሀብት ጠጅ ቤት ግድግዳ ላይ ስላየነውና ቱሪስት ስለ ገዛው «የገበያ ሥዕል» ብለን አለፍነው። ልብ ወለድን ስንተነትን የምንጠቀምበትን መሣሪያ ለእሱ ነፈግነው።

እኛ ስናልፈው ሌሎች ስማችንን ይዘው ሄደዋል። ኢጣሊያዊው ሁጎ ፕራት አባቱ በቅኝ ገዥው አገልግሎት ስለ ነበረ በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በልጅነቱ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ እስከ 1943 ኖረ። አባቱ በእስር ላይ ሳለ ሞተ። ልጁ አድጎ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሠራቸው ተከታታይ ታሪኮች መካከል የአንዱ ስብስብ ርእስ ከአገራችን ስም የተወሰደ ነው። ታሪኮቹ ግን ከየመን እስከ ሩፊጂ ወንዝ የሚዘዋወሩ ናቸው። በውስጣቸው ኩሽ የሚባል የደናክል ተዋጊ አለ። ፕራት ከወራሪ ቤት ቢያድግም ኩሽን ጠመንጃ ተሸካሚ ሎሌ አላደረገውም፤ ነጩን ሰው ፊት ለፊት የሚናገር፣ የሚያፌዝበትም ኩሩ ሰው ነው። ይህን ፍትሕ ልንነፍገው አይገባም። ሆኖም ኩሽ ጓደኛ እንጂ ባለ ታሪክ አይደለም። መንገዱን የሚመርጠው ሌላው ነው። ስማችን ርእስ ላይ፣ ሰውዬአችን ከጎን!

አሜሪካኖቹም በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1966 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ እጅ «ብላክ ፓንተር»ን ፈጠሩ፤ ቅኝ ያልተገዛች ዋካንዳ የምትባል የአፍሪካ አገር ንጉሥ አደረጉት። በ2018 ፊልሙ ሲወጣ ከተማችን ውስጥ ስንቱ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሰላምታ እንደ ተሰጣጣ እናውቃለን። ቅኝ ያልተገዛች አገር በምናብ እስኪሠሩልን መጠበቃችን ትንሽ አያሳፍርም?

በዚያው በ2018 ግን ሌላ ነገር ሆነ። ብሥራት ደበበ ባቋቋመው ኢታን ኮሚክስ አማካይነት «ጀምበር» በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታተመ። ባለ ታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ከዚያ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያገኛል። ልብ በሉ፦ ንጉሥ አይደለም፣ ወታደር አይደለም፣ ባለ ሀብት አይደለም። ሥራ ፈላጊ ነው። እኛ ነን!

የዚህን ምርጫ ብልኅነት ለማየት ወደ መጀመሪያው የአሜሪካ ጀግና እንመለስ። ሱፐርማንን እ.ኤ.አ. በ1938 ለኅትመት ያበቁት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ከተማ የስደተኛ ልጆች ነበሩ፤ ዘመኑም የሥራ አጥነት ዘመን ነበር። መብቱን በ130 ዶላር ሸጠው ሌሎች ሲበለጽጉበት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተካሰሱ። ለጀግናቸው ግን በጋዜጣ ቢሮ ቋሚ ሥራ ሰጡት፤ የተደበቀው ከሠራተኛ መካከል ነው። አማኑኤል የት ይደበቅ? በከተማችን ማንም ልብ የማይለው ሰው ማስረጃውን በብብቱ ይዞ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ምሩቅ ነው። ከዚህ የተሻለ ጭንብል የለም። ስሙም ቢሆን ያስባል። ጀምበርን በአማርኛ አዘውትረን የምናነሣት ልትጠልቅ ስትል ነው፤ «ጀምበር ሳትጠልቅ ግባ» እንላለን። የሚመሽበትን ትውልድ በዚህ ስም መጥራት ድፍረት ነው።

ሒሴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኃይል ያገኘው አማኑኤል ብቻ ነው፤ ከሰሌዳው ፊት የቆመው ሰልፍ ግን እዚያው ነው። ይህ የደራሲው ብቻ ሳይሆን የዓይነቱ ሁሉ ችግር ነው፤ ከባሕር ማዶ የተወረሰው የልዕለ ጀግና ታሪክ ክፉን በጡጫ ማሸነፍ ያውቃል እንጂ የሥራ አጥነትን ጡጫ የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። የእኛው ዘንዶ ገዳይስ? እሱ ኃይል አልወረደለትም። ዘንዶውን የገደለው በመርዝና በብልኀት ነው፤ የገደለውም አገር ሁሉ ይገብርለት የነበረውን ጌታ ነው። ከ44ቱ ሥዕል የምንማረው አንድ ነገር ቢኖር ጀግንነት የጉልበት ሳይሆን የዘዴ፣ የአንድ ሰው ዕድል ሳይሆን የሕዝብ ዕዳ መፍታት መሆኑን ነው። ወደፊት የሚጻፉት የጀምበር ታሪኮች ይህን ቢያጤኑት አማኑኤል ከእኛ እየራቀ ሳይሆን እየቀረበ ይሄዳል።

«ሃዊ» ሁለተኛዋ ሥራቸው ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከደጋፊዎች በተዋጣ ገንዘብ ተጀመረች። ባለ ታሪኳ እምነት ለገሠ በአሜሪካ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ስትሆን እናቷ በተጠለፈችባት ጊዜ ፍርሃቷንና ማንነቷን ትጋፈጣለች። ለውጭ አገር ልጆቻችን እውነተኛ ጥያቄ ነው። እዚህ ለምንኖረው ግን አገራችን እናት የምትጠፋባት ቦታ ሆና ብቻ እንዳትቀር እሰጋለሁ።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚያስደስተኝ እሱ ነውና። ከሰው አፍ እየወጣ በሚሣለው ፊኛ ውስጥ የሚገባው ቃል ጥቂት መሆን አለበት። አማርኛ ደግሞ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን ባንድ ግሥ ይጠቀልላል፤ «አልሰጥህም» ስድስት ፊደል ብቻ ነው። ድምፅን በተመለከተማ ማን ያህለናል! ዘጭ፣ ድው፣ ጧ፣ ሿ፣ ብልጭ፣ ጭው፣ እነዚህ ሁሉ «አለ» ሲከተላቸው ሙሉ ግሥ የሚሆኑ የዕለት ቃላት ናቸው። የፈረንጁን የፍንዳታ ድምፅ በፊደል ገልብጦ ማስቀመጥ በቤታችን እህል ሞልቶ መለመን ነው።

ችግሩ አክብሮት ላይ ይመጣል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እያለ ያስመርጣል። ጀግናው ባለጋራውን ምን ብሎ ይጠራው? ሽማግሌ ከሆነስ? መሐል ጠብ ላይ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ ለአማርኛ አንባቢ ከጡጫው የበለጠ ድምፅ አለው! በእንግሊዝኛ ታስቦ ወደ አማርኛ የተመለሰ ንግግር ይህን ዕድል ይስተዋል። ስለዚህ በሁለት ቋንቋ ማሳተም መልካም ቢሆንም ታሪኩ መጀመሪያ የሚታለመው በየትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ከገበያ ጥያቄ በላይ ነው።

የሚያስተምሩትንም አልረሳሁም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያስጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር «ጥበብ ገርልስ»ን አወጣች፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ። ዓላማው የሚመሰገን ነው። ግን መድኃኒት በማር ሲሰጥ ልጅ ማሩን ልሶ መድኃኒቱን እንዳይተፋ፣ ታሪኩ ከምክሩ መቅደም አለበት። ይህ ምክር የማብዛት አመል ከኮሚክስ አልተጀመረም፤ ልብ ወለዳችንም ሲታመምበት የኖረ ነው።

«ይሄ ሁሉ ግን ውጭ የበቀለ፣ የተዋሰነው ቅርጽ ነው» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው። ዛሬ ማንም መጤ አይለውም፤ እንዲያውም እንፈተንበታለን። ቅርጽ የሚለመደው በተወለደበት ቦታ ሳይሆን በሚያነቡትና በሚተቹት ሰዎች ነው። እነሱ ደግሞ እኛ መሆን ነበረብን።

ኦሎምፒያ ላይ በቦሌ መንገድ ዳር መጽሐፍ በክንዳቸው ደርድረው የሚያዞሩትን ልጆች ተመልከቱ። ታሪክ አለ፣ ትርጉም አለ፣ ሥነ ልቡና አለ፣ የፈተና መለማመጃ አለ። የሥዕል ታሪክ ግን አንድም ቀን ከክንዳቸው ላይ አላገኘሁም። አዟሪው የሚሸከመው የሚጠየቀውን ነው፤ አልጠየቅነውም ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መጽሐፎቹን እንጠይቅ፣ እናንብብ፣ ያላግባብ ሳናሞግስና ሳንንቅ እንጻፍባቸው። ሁለተኛ፣ መሣል የምትችሉ ልጆች ከመካከላችን እንዳላችሁ በደብተራችሁ ኅዳግ ላይ አይተናል። ለሚቀጥለው እትም አራት ገጽ ይለቀቅላችሁ ብዬ አዘጋጆቹን እጠይቃለሁ። ጀግናችሁ ከኦሎምፒያ ታክሲ ይሳፈር፤ ከወያላው ጋር ስለ መልስ ይከራከር፤ «እርስዎ» ማለትን ይወቅ። ዘንዶውን ግን ራሳችሁ ምረጡ፤ እጩ አይጠፋም።