ቡስካን በዓይኔ አየሁት!

ኧረ ወገኖቼ፣ የደራሲ ፍቅረማርቆስ ደስታን የሐመር ልብ ወለዶች ያነበባችሁ ሁሉ ጅንካ ውጡ! ዛሬ ነገ አትበሉ! ከከተማው በላይ ጉብታው ላይ አረንጓዴ ጣሪያ ታያላችሁ። የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ነው። ግቡ! ፎቶዎቹን እዩ! ጉድ ነው የምላችሁ!

«ከቡስካ በስተጀርባ»ን ስንቴ አንብቤዋለሁ! «ኢቫንጋዲ»ንም እንደዚያው። ገጸ ባሕርያቱን ካርለትን፣ ከሎን፣ ደልቲን እንደ ጎረቤት ነው የማውቃቸው። መልካቸውን ግን ልቤ እንዳሻው ስስለው ነው የኖርኩት። የሐመር ፎቶ ፊት ስቆም ያ ሁሉ ልብ ወለድ ሥጋ ለበሰ!

የሐመሯን ሴት ጸጉር ብታዩት! ቅቤና ቀይ አፈር ተለውሶ፣ ቀጫጭን ሆኖ ተፈትሎ፣ ግንባሯ ላይ ድፍት ብሏል። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መዳብ ያበራል። ቅቤው ሸተተኝ ስላችሁ! የፍየል ቆዳዋ ላይ ዛጎል በዛጎል! አንገቷ ላይ ደግሞ ከፊት ሾጠጥ ብሎ የወጣ የቆዳና የብረት ጌጥ። የመጀመሪያ ሚስት መሆኗን የሚናገረው እሱ ነው! አፍ አውጥቶ የሚናገር ጌጥ!

ቦርኮቶዋስ! ከአንድ እንጨት የተጠረበች ሚጢጢ ነገር። ሲቀመጡባት በርጩማ፣ ሲተኙባት ትራስ! ጸጉሩን በሸክላ አፈር ያስጌጠ ጎበዝ ጌጡ እንዳይፈርስበት አንገቱን የሚያሳርፈው እሷ ላይ ነው። እንዴት ያለ ብልሃት!

ከብት ዝላዩማ! ከብቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ ልጁ እርቃኑን በጀርባቸው ላይ ይሮጣል፣ እግሩ አየር ላይ እንዳለ ካሜራው ቀጥ! ትንፋሼ አብሮ ቀጥ አለ!

ደግሞ ሐመርን ፎቶ ካነሱት አጥኚዎች መካከል ሁለቱን ልብ በሉ። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል እ.ኤ.አ. በ1970 ሐመር ገብተው እዚያው ኖረዋል፤ ልጆቻቸውንም ይዘው! ሁለት ጠቅ አድርጎ መኪናው ውስጥ የሚገባ ቱሪስት ሌላ፣ ሸፈሮ (የቡና ገለባ) በቅል እየጠጣ ሰው ሲያወጋ የሚያመሽ ሌላ! ልዩነቱ ፎቶው ላይ ቁጭ ብሏል። ፎቶ የሚነሳው ሰው አይኮሳተርም፣ አይገተርም፤ ሥራውን ነው የሚሠራው! ሊዳል ያለችበትን «ፈገግ የሚሉ ሴቶች» የተባለ የእ.ኤ.አ. 1990 ፊልምም ፈልጋችሁ እዩ። የሐመር ሴቶች ስለ ትዳር ሲያወሩ! አቤት ጨዋታ!

የገዘር ከተማ ሰዎች ሆይ፣ እናንተማ ጅንካ ደጃችሁ ናት! የእናንተ የአሪዎቹም ነገር አለ። የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒየስ ተቋም አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሪ ምድር ባኮ ድረስ መጥተው ነበር። የምስል መዝገባቸው በኢንተርኔት ይከፈታል፣ በስልካችሁ! አያቶቻችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ ግለጡት! ማን ያውቃል፣ «ይቺን አውቃታለሁ!» ይሏችሁ ይሆናል።

በገበያ ቀን ውረዱ። ቅዳሜ ይሁን! መጀመሪያ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ገበያው፤ የአሪ ሴቶች የሠሯቸው ድስቶችና ምጣዶች ተደርድረው ይጠብቋችኋል። የፍቅረማርቆስን መጽሐፍ ደግሞ አደራ፣ ቤት እንዳትረሱት! የጭፈራውን ገጽ አውጡና ፎቶው ፊት ቆማችሁ አንብቡት፣ ጮክ ብላችሁ! ሰው ዞር ብሎ ቢያያችሁ ይይ!