ኤሚል ዞላ በ«ዠርሚናል» ስለ ውኃ ያየውና ያላየው

ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው «ዠርሚናል» የተባለው ልብ ወለድ በሰሜን ፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩትን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ኑሮ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ረኃብና ስለ ሥራ ማቆም አድማ የተናገረው ብዙ ጊዜ የተመሰገነ ስለ ሆነ እኛ ወደዚያ አንመለስም። ልንመረምር ያሰብነው በመጽሐፉ ውስጥ የሚታየውን ውኃ ነው።

ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1884 በአንዜን አድማ በተነሣ ጊዜ ወደ ስፍራው ሄዶ፣ ጉድጓድ ውስጥም ወርዶ ተመልክቷል። ከዚህም የተነሣ ብዙው ነገር ትክክል ነው። በዚያ አገር ከሰሉ የሚገኘው ውኃ ካዘለ የኖራ ድንጋይ በታች ስለ ሆነ፣ ቆፋሪዎቹ የሚወርዱበት ጉድጓድ ውኃ እንዳያስገባ ግድግዳው በወፍራም እንጨት ይለበጥ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ የውኃ መሳቢያው መኪና እንደ ሰው ሲተነፍስ እንሰማለን፤ ሠራተኞቹም ሲወርዱ ውኃ እንደ ዝናብ ይወርድባቸዋል። በመጨረሻም ሱቫሪን የተባለው ሰው በሌሊት ወርዶ የእንጨቱን ልባስ ባላላው ጊዜ ውኃው ገብቶ የቮሩን ጉድጓድ ያጠፋዋል። ይህ ከተፈጥሮ ሕግ የራቀ አይደለም፤ 100 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል ይጫናልና።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን እንነቅፋለን። አንደኛ፣ ደራሲው ይህን ውኃ ማዕበል ያለው የምድር ውስጥ ባሕር አድርጎ ይስለዋል። የከርሰ ምድር ውኃ ግን በድንጋዩ ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ሞልቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ የሚሄድ ነው። «ልብ ወለድ ነውና ይፈቀድለታል» የሚሉን ይኖሩ ይሆናል። ለውበት ብቻ ቢሆን እኛም ዝም ባልን ነበር፤ ሥዕሉ ግን አንባቢውን ወደ ሁለተኛው ስሕተት ይመራዋል።

ሁለተኛው ስሕተት ጥፋቱን በአንድ ሌሊትና በአንድ ሰው እጅ ላይ መጣሉ ነው። አንባቢው ያ እጅ ባይኖር ኖሮ ከውኃው በኩል ጉዳት ባልመጣ ነበር ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያ የሚተነፍሰው መኪና ውኃ በሳበ ቁጥር በዙሪያው ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ዝቅ ይላል፤ ጥልቀት የሌላቸው የመንደር ጉድጓዶችም ሊደርቁ ይችላሉ። ከሰሉ ወጥቶ ባዶ የቀረው ስፍራ ሲደረመስ ከላዩ ያለው ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ መሬቱም ይሰምጣል። ሥራው ቆሞ መኪናው ዝም ሲልም ነገሩ አያልቅም፤ ውኃው ተመልሶ ይሞላል። ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ባለበት ስፍራም በቁፋሮው ጊዜ አየር ስላገኘው፣ ውኃው ብረትና አሲድ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለምን?

በሰሜን ፈረንሳይ የመጨረሻው ከሰል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሆኖም የሰመጡት ቦታዎች እንዳይጥለቀለቁ የውኃ መሳቢያ መኪናዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራሉ። ቆፋሪው ሄዷል፤ ዕዳው ግን ቀርቷል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ፍልስጥኤማውያን የአብርሃምን ጉድጓዶች አፈር ሞልተው እንደ ደፈኑ እናነባለን። ይስሐቅ የደፈነውን እጅ ያውቅ ነበርና ጉድጓዶቹን እንደገና አስቆፈረ። ከማዕድኑ በላይ የምትኖረውና ጉድጓዷ ቀስ በቀስ የደረቀባት ሴት ግን የማንን እጅ ታሳያለች? የእርሷ ጥያቄ በዞላ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ስለ እንጀራ ኩባንያውን አጥብቆ የከሰሰው ደራሲ፣ ስለ ውኃ ሲሆን ክሱን በአንድ አጥፊ ላይ አድርጎ ኩባንያውን በነጻ ለቀቀው።

ይህን ስንል «ዠርሚናል» አይነበብ ማለታችን አይደለም። የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ተማሪዎች አብረው ቢያነቡት ይጠቅማል እንላለን። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ የመኪናውን ትንፋሽ የሚሰማ አንባቢም የሚሳበው ውኃ ከማን ጉድጓድ እንደሚጎድል ይጠይቅ።