አንድ ግስ በዓረፍተ ነገር ሲፈተን

የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ያን ጊዜ ደብተሩ ላይ «ብሬክ፦ ሰበረ» ብሎ ይጽፍና ይሸመድዳል። በእስቴም ሆነ በጋይንት የቆሎ ተማሪ ግስ ሲያጠና «ቀተለ፣ ገደለ» እያለ ይጀምር የለ? የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ ግሱ ጉልበቱን የሚያሳየው ግን ቅኔ ውስጥ ሲገባ ነው።

ብርጭቆ ይሰበራል። ገመድ ግን ይበጠሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሕግ ይጣሳል፣ ቃል ይታጠፋል፣ መቶ ብር ይዘረዘራል፣ ሌሊቱም ይነጋል። ጾም እንኳ ሁለት መልክ አለው፦ ለፋሲካ ይፈታል፤ በሁዳዴ መካከል ወተት የጠጣ ግን ጾሙን ሻረ ይባላል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ «ብሬክ» ብሎ ያልፈዋል።

ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ቪስባደን ላይ ያሳተሙትን የእንግሊዝኛ-አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት የማደንቀው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በዛሬዋ ፖላንድ ውስጥ ተወልደው መቶ ዓመት የኖሩት እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሰጡ ናቸው። በዚህ መጽሐፍ ቃሉን ብቻውን አያቆሙትም። አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይሰጡና አማርኛውን ያስከትላሉ፤ ቀጥሎ ሌላ ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ የአማርኛ ግስ።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ሆኖ ሌላውን ፍቺ ሁሉ ከደጅ መመለስ አለበት። ይህን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ አንድ ስም ነው፦ «ገመዱ» ካለ «ተበጠሰ» ይመጣል፤ «እሱ» ብቻ ከተባለ አንባቢው መንታ መንገድ ላይ ይቀራል። አማርኛውም ሰው በአፉ የሚለው እንጂ የተተረጎመ የሚሸት መሆን የለበትም። ይህን በአንድ ቃል ላይ ማሳካት ሙያ ነው፤ መጽሐፉን ሙሉ መድገም ደግሞ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መገመት ነው።

በዚያው በ1973 ዶክተር አምሳሉ አክሊሉና ጂ. ፒ. ሞስባክ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያወጡት መዝገበ ቃላት ለተማሪ እጅ የቀለለ ነው፤ ፈልጎ ለማግኘት ይፈጥናል። ለማስተማር ግን የሌስላውን እመርጣለሁ። የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ግስ መርጦ አማርኛውን በወረቀት ይሸፍንና እንግሊዝኛውን ብቻ ለክፍሉ ያንብብ፤ ግሱን ተማሪዎቹ ይንገሩት። ለገመዱ «ተሰበረ» የሚል ቢኖር ጓደኞቹ ወዲያው ያርሙታል።